የወይዘሪት ቃጭል

ድመት አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ አድልታ ነው እንዳልባል። የቤታችን ድመት ፀጉሯ ከሹራቤ አይለቅም፣ ስጠራት አትመጣም፣ ሳልጠራት ደረቴ ላይ ወጥታ ትቀመጣለች። ስሟ ወይዘሪት ነው። ስሙን ያወጣችላት እህቴ ናት። እኔ ግን “ያቺ” ነው የምላት፤ እሷም ብትሆን በምንም ስም ብትጠራ ዞር ብላ የምታይ አይደለችም።

እህቴ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እትዬ ነው የምላት። ዕድሜዋን ሙሉ ኪሮሽ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ የአልጋ ልብስ በሉ፣ የጠረጴዛ ዳንቴል በሉ፣ የሕፃን ቆብ በሉ፣ ከእጇ ያልወጣ የለም። አንድ ልጇንም ያሳደገችው በዚያችው መርፌ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ዓይኗ ከዳት። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጠፋባት፣ ቀጥሎ መሐሉ፣ አሁን የምትለየው ብርሃንና ጥላን ብቻ ነው። ያን ሰሞን ክሮቿን በየቀለማቸው ደርድራ ካርቶን ውስጥ ከተተች፣ የኪሮሽ መርፌዎቿን በጨርቅ ጠቀለለች፣ “በቃ፣ እጄን ሰበሰብኩ” አለችና ካርቶኑን አልጋዋ ሥር ገፋችው። እኔም ያኔ ጡረታ መውጫዬ ነበር። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ሻንጣዬን ይዤ እሷ ቤት ገባሁ።

እኔ ነርስ ነበርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ሆስፒታል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ “ሲስተር” ነው የሚለኝ፣ እህቴም ልታሾፍብኝ ሲያምራት። ከነዚያ ዓመታት ሁለት ነገር አተረፍኩ። አንደኛው ኮቴ የሌለው እርምጃ ነው። ሃያ አራት አልጋ ያለበትን ክፍል አንድ በሽተኛ ሳልቀሰቅስ ከዳር እስከ ዳር እዞረው ነበር። ዶክተሮቹ “ሲስተር መምጣቷ የሚታወቀው ከቆመች በኋላ ነው” ይሉኝ ነበር። ሁለተኛው ኩራቴ ነው። በእኔ ተራ ከአልጋ የወደቀ፣ ሽንት ቤት ሲሄድ የወደቀ፣ ባጠቃላይ የወደቀ በሽተኛ የለም። አንድም። ይህን ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም ስናገር ኖሬያለሁ።

እንግዲህ አንድ እሑድ፣ ዓይኔ እያየ፣ እህቴ ወደቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ሻይ ማፍላት አታስነካኝም። የእኔን ሻይ “የሆስፒታል ሻይ” ትለዋለች። “የታወረው ዓይኔ ነው እንጂ እጄ አይደለም፤ አትከተይኝ፣ እንደ ሕፃን አትጠብቂኝ” ብላ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ አስጠንቅቃኛለች። እኔ ደግሞ እሳት ፊት ብቻዋን እንዴት አድርጌ ልተዋት? ስለዚህ መላ ዘየድኩ። አፌን “እሺ” አስብለውና እሷ ስትነሣ እኔም እነሣለሁ፤ ሶሉ ለስላሳ የቤት ጫማዬን አድርጌ፣ በዚያ በለመድኩት እርምጃ ኋላ ኋላዋ ሄጄ ኩሽናው በር ላይ እቆማለሁ። ጨርሳ ስትመለስ ቀድሜያት ወንበሬ ላይ እገኛለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ስጠብቃት አላወቀችም፤ ቢያንስ እኔ እንዳላወቀች ነበር የማምነው። በውስጤም “ይኼ ነው ሙያ” እያልኩ ራሴን አመሰግን ነበር።

ያን እሑድ ማንቆርቆሪያውን ጥዳ ወደ በሩ ዞር አለች። ዞር እንዳለች ድንግጥ ብላ ወደ ኋላ ሄደች፣ ተረከዟ ትንሿን በርጩማ መታ፣ ሚዛኗን ስታ ወደቀች። በዚያው ቅጽበት ድመቷ ከበርጩማው ሥር ተፈናጥራ በመሐላችን አለፈችና ሳሎን ገባች። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይጠራል? አጥንት አልተሰበረም፣ እግዜር ይመስገን። ጭኗ በለዘ፣ ግንባሯ ላይ እንቁላል የሚያክል እብጠት ወጣ።

ለልጇ ደወልኩ። ልጇ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ አርባ ዓመት የሞላው ሰው፣ እናቱ ስትጎዳበት ግን ፊቱ የልጅ ይሆናል። ከነሥራ ልብሱ መጣ።

“ምንድን ነው የጣላት?” አለኝ።

“ያቺ ድመት ናታ። እግሯ ሥር ገብታ።”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እትዬ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ እርጥብ ፎጣ ግንባሯ ላይ እንዳለ ትሰማናለች። “አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ” አለች ቀስ ብላ። ጭንቅላቷን ተመትታ ትቀባዥራለች ብዬ ባትሪ አምጥቼ የዓይኗን ብሌን መረመርኩ።

“አንሺልኝ ይኼን ባትሪ” አለች። “ጤነኛ ነኝ።”

ልጇ እየተንጎራደደ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየ። በመጨረሻ እናቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። “እማዬ፣ ድመቷን ልውሰዳት። የኛ መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ አይጥ ሽቦ እየበላ ፈጅቶናል፤ እዚያ ትኖራለች፣ ዘበኞቹም ይመግቧታል። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ። ሌላ ጊዜ እንዲህ በቀላሉ ላታመልጪ ትችያለሽ።”

እትዬ “እሺ” አለች።

ስድሳ ዓመት ሳውቃት እህቴ እንዲህ እሺ ብላ አታውቅም። ከእሷ እሺ በፊት ቢያንስ ሦስት “ለምን” እና አንድ “በሬሳዬ ላይ” አለ። አሁን ግን ድመቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጣቷን ከጆሮዋ ኋላ እየነዳች፣ እሺ።

በማግሥቱ ሻይ ልታፈላ አልተነሣችም። እኔ አፍልቼ ሰጠኋት፣ ያንን የሆስፒታል ሻይ፤ ምንም ሳትል ጠጣችው። ምሳ ሁለት ጉርሻ ቀመሰችና “ጠገብኩ” አለች። ማክሰኞም እንደዚያው። ቀኑን ሙሉ ድመቷን ታቅፋ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። በሥራዬ እንዲህ ያለውን እሺ አውቀዋለሁ። ሐኪም ቤት ውስጥ የሚያስደነግጠው የሚጮኸው በሽተኛ አይደለም፤ መድኃኒት አልውጥም እያለ ሲጨቃጨቅ ከርሞ አንድ ቀን ዝም ብሎ አፉን የሚከፍተው ነው። ፈራሁ። ድመት አልወድም፣ እህቴን ግን እወዳታለሁ፤ ያለ ድመቷ እህቴ እንደማትቀረኝ ያኔ ገባኝ።

ረቡዕ ጠዋት ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ሴትዮ ጋ ሄድኩ።

“ትንሽ ቃጭል አለሽ?”

“ለሕፃን ጫማ ነው ሲስተር?”

“ለድመት።”

“ተመስገን” አለች ሳቋን ሳትደብቅ። “አይጦቹ በዚህ ጉዳይ ስንት ዘመን ስብሰባ ሲቀመጡ! አሁን መልእክት ልላክላቸው።”

ቃጭሎቹ የሚሸጡት በጥንድ ነው፣ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ተሰፍተው። አንድ ብቻ ስጪኝ ብላት “ወረቀቱን አልቀድም” አለችኝ። ሁለቱን ይዤ ተመለስኩ።

ማሰሪያ አላሰብኩበትም ነበር። እጄ የለመደው ፋሻ ነውና ፋሻ ቆርጬ፣ ቃጭሉን አስገብቼ፣ ያቺን ይዤ አንገቷ ላይ ጠመጠምኩላት። ሥራው የሚያስነቅፍ አልነበረም፤ ጫፉን እንኳ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። እሷ ግን መሬት ላይ ተንከባለለች፣ በኋላ እግሯ ቧጠጠችው፣ ከዚያ ፋሻው አንድ ጆሮዋን ሸፍኖ አንድ ዓይኗ ላይ ወርዶ ክፍሉን እየዞረች ታቃጭል ጀመር። እትዬ እጇን ዘርግታ ያዘቻትና ዳበሰቻት።

“ምነው፣ ቁስለኛ አደረግሻት” አለች። ሳቀች። ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ነገሩን ነገርኳት። ቃጭል ካላት ትሰሚያታለሽ፣ ከሰማሻት አትረግጫትም፣ ልጅሽም ካየ ሐሳቡን ይለውጣል አልኳት። ፊቷ ላይ ያለፈውን ነገር ያኔ ደስታ ነው ብዬ ነበር የወሰድኩት።

“ፋሻ ቆዳዋን ይበላታል” አለች በመጨረሻ። “ይኼ የሚሠራው ከጥጥ ክር ነው።”

“እንግዲያ ሥሪላታ።”

“እጄን ሰበሰብኩ ብዬሻለሁ። አንቺ ሥሪ፣ እኔ እነግርሻለሁ።”

ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ሁለት ዓመት ያልተከፈተ ካርቶን ነው፤ እሷ ግን ትናንት የዘጋችው ያህል፣ “ከግራ ሦስተኛው ረድፍ ቀይ ነው፣ ከሱ ሥር ያለውን ወይን ጠጁን አውጪ፣ የሱፉን ተዪው” አለችኝ። ወይን ጠጁ እዚያው ነበር። መርፌዎቹንም አንድ በአንድ በጣቷ ለክታ አንዷን ሰጠችኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት ደም ሥር ፈልጎ ያገኘ እጄ፣ ያቺን ቆልማማ መርፌ ፊት ደነዘዘ። “ክሩን ሌባ ጣትሽ ላይ ጠምጥሚ። ቀለበት ሥሪ። መርፌዋን አስገቢና ክሩን በቀለበቱ ውስጥ ሳቢው። አሁን እንደገና።” እኔ እሠራለሁ፣ እሷ ክሩን ከጫፉ ይዛ በጣቷ ታነባለች።

“ጠበቀ። ቁስል እየሰፋሽ እኮ አይደለም።”

“ላላ ካለ አያምርም።”

“ከጠበቀ ቀጣዩ ረድፍ መግቢያ ያጣል። ፍቺው።”

ፈታሁት። ሁለተኛ ጊዜ አላላሁና ቁጥር ሳትኩ፤ ሃያ ስምንት መሆን የነበረበት ሠላሳ አንድ ሆነ። እሷ ሳትቆጥር በርዝመቱ ብቻ አወቀችው። “የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ፍቺው።” ሦስተኛ ጊዜ ድመቷ ክሩን ይዛ አልጋ ሥር ገባች፤ ያንን ፍቺው የሚል እንኳ አላስፈለገም። አራተኛው ላይ ሐሙስ መሽቶ ነበር፤ ጣቴ ቆስሎ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ ለአንዲት ሥራ ፈት ድመት ስል እንዲህ መሆኔ እያናደደኝ፣ ሁለት ረድፍ ቀጥ ያለ ነገር አወጣሁ። እትዬ ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ሄደችበት፣ ተመለሰችበት።

“ይኼ ሥራ ነው” አለች። ሜዳሊያ ተሸልሜ እንዲህ አልተደሰትኩም።

ልኩ ላይ አልተጣላንም። በአንገቷና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት ይግባ አለች፤ የፋሻም ሕግ ይኸው ነው። የተጣላነው መዝጊያው ላይ ነው። እኔ ጫፍና ጫፉን በማይፈታ ቋጠሮ ልቋጥረው ፈለግሁ፣ ዳግመኛ እንዳይወልቅ። እሷ ትንሽ ቁልፍ ይሁን፣ ቀዳዳውም ሰፋ ይበል አለች።

“ባንዴ ይወልቅባታላ።”

“ይውለቅ። አጥር ላይ ስትዘል ቅርንጫፍ ቢይዛት፣ ጎተት ስታደርገው መልቀቅ አለበት። አለዚያ እዚያው ተንጠልጥላ ትቀራለች። ጥበቃ ብለሽ አታንቂያት።”

አርብ ጠዋት ቁልፉን ተከልኩ፣ ቃጭሉን ሰፋሁ፣ አለቀ። የተረፈውን ቃጭል መሳቢያ ውስጥ ልክተተው ስል “እሱን ለኔ ስጪኝ” አለችኝ።

“ምን ያደርግልሻል?”

“ባለቤቱ አይታጣም” አለችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ያቺ በመጀመሪያው ሰዓት ወደ ኋላዋ እየሄደች ከማሰሪያው ለመውጣት ሞከረች። ከዚያ ቁም ሣጥን ላይ ወጥታ አኮረፈች። ከዚያ ራባት፣ ረሳችው። ቤቱ ጭል ጭል ሲል ዋለ። እኔ ሰላሜን አጣሁ፣ እህቴ ግን ተነሥታ ፀጉሯን አበጠረች። “አሁን መስኮቱ ላይ ናት” ትላለች። “አሁን ወረደች። አሁን ደግሞ አንገቷን ልትልስ እየታገለች ነው አይደል?” እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት በዳሰሳ ብቻ የምታውቃትን ድመት ያን ቀን አየቻት ማለት እችላለሁ። ምሳዋንም ጨረሰች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጇ መጣ። ጎን ጎኑ የተበሳ ካርቶን ይዟል፣ ፊቱ የከፋው ሰው ፊት ነው። ድመቷ እየጮኸች ስትቀበለው ካርቶኑን አስቀምጦ ጎንበስ አለ።

“ይኼን ማን ሠራው? እማዬ፣ ጀመርሽ እንዴ?”

“አክስትህ ናት።”

“አክስቴ?” ማሰሪያውን ገልብጦ አየው። “እሷ መርፌ የምታውቀው ለመውጋት አይደል?”

ሳቁን አስጨርሼ ጉዳዬን አቀረብኩ። ድመቷ ከእንግዲህ ድምፅ እንዳላት፣ እናቱ የት እንዳለች እንደምትሰማት፣ እሑድ የሆነው እንደማይደገም። ሳላውቀው ድምፄ ለምኖ ነበር። እሱ ካርቶኑን አየ፣ እናቱን አየ።

“ልይ” አለ። “እማዬ፣ ሻይ አፍዪልኝ። አንድ ጊዜ ልይና እወስናለሁ።”

እትዬ ተነሣች። ከሳሎኑ እስከ ኩሽናው አሥራ አንድ እርምጃ ነው፣ ታውቀዋለች። ድመቷ እንደ ልማዷ እግር እግሯ ሥር ገባች። ኮሪደሩ ላይ ቃጭሉ ቅርብ ሲጮኽ እትዬ ቆም አለች፣ እግሯን ወደ ግራ አደረገች፣ “እለፊ ወይዘሪት” አለች፣ ድመቷ አለፈች፣ እሷም አለፈች። ማንቆርቆሪያው ሲጣድ ተሰማ፣ ክብሪት ተጫረ። ድመቷ የሚሰጣት ነገር እንደሌለ ስታውቅ ወደ ሳሎን ተመለሰች፣ ልጇ ያመጣውን ካርቶን ዞር ዞር ብላ አሸተተች፣ ዘላ ገባችበትና ተኛች። ልትጋዝበት የመጣ ካርቶን! እሱ አየኝ፣ ፈገግ አለ። አሸነፍኩ አልኩ።

ከዚያ እኔ ምን እንዳደረግሁ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። እሷ እሳት ፊት ናት፣ እግሬ ተነሣ። ኮሪደሩን አለፍኩ፣ ኩሽናው በር ላይ ቆምኩ።

እትዬ ብርጭቆ ይዛ ዞር አለች። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተራመደች። ከዚያ ድንግጥ አለች፣ ብርጭቆው ከእጇ ወጣ፣ ወደ ኋላ ሄደች፣ ተረከዟ በርጩማውን መታ። ዘልዬ በሁለት እጄ ያዝኳት። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተሰባበረ። እሷ አልወደቀችም።

ከሳሎን፣ ከካርቶኑ ውስጥ፣ ቃጭሉ አንዴ ጭል አለ። ድምፁ ቀስቅሷት ይሆናል።

ልጇ እየሮጠ መጣ። “ድመቷ እኮ እኔ ጋ ናት” አለ፣ “እዚያ ካርቶኑ ውስጥ…” ከዚያ ቆመ። እኔ የቆምኩበትን ቦታ አየ፣ እናቱን አየ፣ ጫማዬን አየ፣ ዓይኑን መለሰ። ማንቆርቆሪያው መንሾካሾክ ጀመረ።

“እትዬ” አልኩ። “እሑድም?”

“ስብርባሪው እግርሽን እንዳይቆርጥሽ።”

“እሑድም እኔ ነበርኩ?”

እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር፣ አላነሣችውም። “ብቻዬን ነኝ ብዬ ዞር ስል ፊቴ ላይ ትንፋሽ ሰማሁ” አለች። “ሌላ ቀን ሳሙናሽ ይሸተኛል፣ እዚያ እንዳለሽ አውቃለሁ፣ ዝም እልሻለሁ። እሑድ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ ልጄ አለ፣ ከሱ ጋር ትጫወቻለሽ ብዬ።”

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም፣ አፈርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት በየሰዉ ፊት የነዛሁት ኩራቴ በዚያች በርጩማ አጠገብ ፈሰሰ፤ ከኩራቴ የባሰው ግን ስድስት ቀን ሙሉ ጥፋቴን በአንዲት ምላስ በሌላት እንስሳ ላይ ጭኜ መሄዴ ነበር።

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምን ልበልሽ? በእጄ ሰው ወድቆ አያውቅም ስትይ የኖርሽውን ሴት፣ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ ልበልሽ? ድመቷ ስም የላትም የሚጎድፍ፣ ትችለዋለች አልኩ።”

“ልትሄድብሽ ነበር እኮ።”

“አውቃለሁ” አለች። “ለሱማ ነው ምግቡ አልወርድ ያለኝ።”

ከዚህ በኋላ አለቀስኩ። ነርስ በሽተኛ ፊት አታለቅስም፣ እኔም አልቅሼ አላውቅም ነበር። እህቴ ጭንቅላቴን ወደ ትከሻዋ ሳበችው፤ ልጇ ዓይኑን ከእኛ ሰውሮ መጥረጊያ አንሥቶ ስብርባሪውን ይጠርግ ጀመር። ሻዩንም ያፈላው እሱ ነው። ከእኔም የባሰ ሻይ ነበር፣ ሦስታችንም ጠጣነው።

ሊሄድ ሲል ካርቶኑን አየው። ያቺ ውስጡ ተጠቅልላ አንድ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ ታየዋለች።

“ካርቶኑን ወዳዋለች፣ ይቅርላት” አለ። “ለመጋዘኑ ወጥመድ ይገዛሉ።” በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰና ግንባሬን ሳመኝ። “አክስቴ፣ አንቺ ባትኖሪ ዛሬ ወድቃ ነበር” አለኝ። እኔ ባልኖር እንደማትደነግጥም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም አጽናናኝ።

ብቻችንን ስንቀር ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ። “ከእንግዲህ በኋላሽ አልመጣም” አልኳት። “እምልልሻለሁ።”

“አትማይ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፤ ነርስም ጡረታ ወጥታ። ዛሬ እንኳ ሳታስቢው ነው የመጣሽው።” ትንሽ አሰበች። “ደግሞ ብትመጪ አልጠላም። የጠላሁት አለመስማቴን ነው። ካርቶኑን ሳቢልኝ።”

“የድመቷን?”

“የኔን።”

ከአልጋው ሥር ጎተትኩት። ጨርቁን ራሷ ፈታች፣ መርፌ መረጠች፣ ያንን ወይን ጠጅ ክር ከጉልበቷ ላይ አኖረች። “እግርሽን አምጪ” አለችኝ። ሰጠኋት። ቁርጭምጭሚቴን በክር ለካች፣ ሁለት ጣቷን አስገብታ አየች፣ ከዚያ ጀመረች። ዓይኗ ወደ መስኮቱ ነው፣ እጇ ግን ሁለት ዓመት ያልቆመ እጅ ይመስላል። እኔን ሁለት ቀን ያስለቀሰኝን ሥራ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰችው። በላዬ ላይ ልኩን አየች፣ ቁልፉን ተከለች፣ ከኪሷ ያቺን ሁለተኛዋን ቃጭል አውጥታ ሰፋችበት።

“ባለቤቱ አይታጣም ያልሽው ይኼን ነው?”

“ቅዳሜ ሳይደርስ ልነግርሽ ነበር። በየቀኑ ነገ እያልኩ።”

“ቢይዘኝስ?” አልኳት። “ይለቃል?”

“ጎተት ስታደርጊው ይለቃል።”

እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሻይ ልታፈላ ተነሣች። እኔም ተነሣሁ። ከወንበሬ ሳልርቅ ጭል አለብኝ፤ ያቺ ከካርቶኗ ቀና ብላ አየችኝ። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ እትዬ ቆም አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

“ማን ነው? ወይዘሪት ነሽ?” አለች። እያወቀች ነው።

“እኔ ነኝ።”

“እንግዲያ ሁለተኛ ብርጭቆ ይዘሽ ነይ።”